እህቴ ልምድ ያገኘችበት ከተማ

ይህን ስጽፍ አንዳንዱን ነገር አሳስቼ አስታውሼው ሊሆን ይችላል። የልምድ ቤት በሮች አሥራ አንድ ነበሩ እላለሁ፤ በመንገድ አብሮን የነበረ ሰው ግን ቆይቶ ሳገኘው አሥራ ሦስት ናቸው ብሎኛል። ሁለታችንም ቆጥረናል፤ ሁለታችንም ልንሳሳት እንችላለን። የሰዎቹን ንግግርም ቃል በቃል አልያዝኩትም። በእነዚያ ቀናት ብዙ ጽፌያለሁ፣ የጻፍኩት ግን ስለ አንዲት የሞተች ሴት ነበር፤ እሱም አሁን በእጄ የለም። ስለዚህ ያልተረጋገጠልኝን አልተረጋገጠልኝም እላለሁ። የቀረውን አንባቢ ሊያምነኝ ይችላል።

ከተማዋ ከሀገራችን የሁለት ቀን መንገድ ናት። ነዋሪዎቿ «ከተማ» ብቻ ይሏታል፤ ሌላ ከተማ ያለ አይመስላቸውም። ዙሪያዋ ግንብ ነው፤ ግንቡም በየዓመቱ አንድ ክንድ ከፍ ይላል። አንድ ግንበኛ ለምን ከፍ እንደሚል ጠይቄው «ሥራዬ ነዋ!» ብሎኛል። ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር ከላዩ የሚወድቀው ሰው ስለሚበዛ ከተማዋ ያለ ወጌሻ ማደር አትችልም።

እህቴ አንጓች ወጌሻ ናት። ታላቄ ስለሆነች እታለም ነው የምላት። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት የአባታችንን ትከሻ መለሰች፤ ከዚያ ወዲህ በአካባቢያችን ከበቅሎ የወደቀ፣ ከዛፍ የወደቀ ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚመጣው። አያያዟ ከሌሎች ወጌሾች ይለያል። ስብራቱን በቀርከሃ ፍልጥ ታስራለች፣ በሦስተኛው ቀን ግን ፈትታ ታየዋለች፤ እንደ እብጠቱ አላልታ ወይም አጥብቃ መልሳ ታስራለች። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ ጠይቄያት፣ «የተሰበረ አጥንት እስረኛ መሰለህ? የታመመ ሰው ነው። ገባ እያልክ ልታየው ይገባል» አለችኝ። የእኔን ክንድ ሁለት ጊዜ ጠግናለች፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬ ማንም አይቶ አይለየውም።

ዝናብ በቀረበት ዓመት ሰው ወደ ቆላ ወረደና ሀገራችን ባዶ ሆነች። የሚሰበር ሰው እንኳ ጠፋ። በዚያው ሰሞን ከከተማዋ አዋጅ ነጋሪ መጣ።

«ሥራ ፈላጊ ሁሉ ስማ! ቀድሞ የልምድ ቤት አንድ በር ብቻ ነበረው። ዘንድሮ አሥራ አንድ ሆኗል! ሩቅ ነው፣ አልተመቸኝም የሚል ካለ ከእንግዲህ ምክንያት የለውም!»

እታለም ሦስት ቀን አሰበችና ልሂድ አለች። እናታችን እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ «ሥራ ካገኘች እሰየው። ግን ለአዝመራ ይዘሃት ና፤ ዐይኗን ልየው። አደራ» አለችኝ። ይዣት እመለሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ከተማዋ የገባን ዕለት መጀመሪያ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ነበር። ሰዎቹ ስማቸው ሲጠራ ወዲያው አይመልሱም። ትንሽ ቆም ይላሉ፣ ከጓዳ ድምፅ ሰምቶ ጆሮውን እንደሚያቆም ሰው፤ ከዚያ «አቤት» ይላሉ። ሁለተኛው ነገር ሳላቸው ነበር። ገና ጢም ያላወጣ አንጥረኛ እንደ ሰባ ዓመት ሽማግሌ እየሳለ፣ ወገቡን ይዞ እየተነሳ ይሠራል። እታለም እንደ ልማዷ አረማመዱን አየችና፣ «ይሄ ልጅ ወገቡ ደህና ነው፤ ለምንድን ነው የሚይዘው?» አለች። 

በልምድ ቤት በእያንዳንዱ በር ላይ ቢጫ መቀነት የታጠቀ አጋፋሪ ቆሟል። ከእያንዳንዱ በር በላይም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ተቀርጿል፦ ያልሠራ አይሠራም። ይህ የከተማዋ ሕግ ነው። ማንም ሰው አንድን ሥራ ለመጀመር ያንኑ ሥራ አስቀድሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ መገኘት አለበት።

በአራተኛው በር ገባን፤ ወይም በአምስተኛው። አጋፋሪው እጅ ነስቶ አስገባን። ረጅም ጠባብ መተላለፊያ ነበር፤ ግራና ቀኛችን ካለው ግድግዳ ማዶ በሌሎች መተላለፊያዎች የሚሄዱ ሰዎች እርምጃ ይሰማናል። መጨረሻው ላይ ስንደርስ አሥራ አንዱም መተላለፊያ የሚገናኝበት አንድ ክፍል አገኘን። በክፍሉ ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ አማካሪ ነበሩ።

አጠገባችን የተቀመጠ መላጣ ሰው ወደ እኔ ዘንበል አለ።

«በስንተኛው ገባችሁ?»

«በአራተኛው።»

«እኔ በዘጠነኛው። አምና በድሮው በር ገብቼ ሰባተኛ ደርሼ ነበር። አዲሱ በር ይፈጥናል ሲሉኝ ወጥቼ ዞሬ ገባሁ። አሁን መቶ አርባኛ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ወጣህ?» አለችው እታለም።

«ሰፊ ነዋ በሩ! አላየሽውም?» አለ ተቆጥቶ።

ተራችን የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። አማካሪው አቶ ጓንጉል ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ ጥፍራቸውን በጥንቃቄ የሚቆርጡ ሰው ናቸው።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወጌሻ ነኝ። ስብራት፣ ወለምታ፣ ውልቃት።»

«ስንት ዓመት?»

«አሥራ ሦስት።»

ከአሥራ ሁለት በአንድ ስለሚበልጥ ልቤ ሞቀ።

«የት?»

«በሀገሬ።»

አቶ ጓንጉል ብዕራቸውን አስቀመጡ። «የገጠር አጥንት አይቆጠርም» አሉ፣ ሳይቆጡ።

«አጥንት አጥንት ነው ጌታዬ።»

«ይሆናል። ግን ስትሠሪ ማን አየሽ?»

«የተሰበረው ሰው ራሱ!»

«እሱ ምስክር አይሆንም። ሕመም ላይ ነበር።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። አንዲት ወፍራም ሴት፣ «ተይ አትድከሚ እህቴ፤ እኔ ስምንት ልጅ አሳድጌ ለሞግዚትነት ልምድ የለሽም ተብያለሁ» አለች፤ ይባስ ብለው ሳቁ።

«እሺ፣ ልምድ ከየት ነው የሚገኘው?» አለች እታለም።

«ከሥራ ላይ።»

«ሥራውስ?»

«ልምድ ላለው ነው።»

አቶ ጓንጉል ይህን ሲሉ የሚያሾፉ አልመሰለኝም። እንዲያውም አዝነው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ልሳሳት እችላለሁ። ከዚያ መዝገብ ገልጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከተማዋ ግን ጨካኝ አይደለችም። ልምድ ያለው ሰው ይሞታል፤ ልምዱ ግን የከተማዋ ነው፣ አብሮ አይቀበርም። ባለፈው ሳምንት ወጌሻዋ ወይዘሮ ደብሪቱ አርፈዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። አርባ ቀን በቤታቸው፣ በእሳቸው በርጩማ ላይ ትቀመጫለሽ። በስማቸው ስትጠሪ አቤት ትያለሽ። በአርባኛው ቀን ሊቀ ልምድ መጥተው ይፈትኑሻል። ራሳቸው ሆነሽ ከተገኘሽ ሠላሳ አንዱ ዓመት ያንቺ ነው፤ በማግስቱ ሥራ ትጀምሪያለሽ።»

«የእኔ ስምስ?»

«እዚሁ በአደራ ይቀመጣል። ሥራ ስትለቂ ትወስጂዋለሽ።»

«የለቀቀ ሰው አለ?»

አቶ ጓንጉል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራ ካገኘ በኋላ ይለቃል?»

ከውጭ ግንቡ ጥላ ሥር ቆመን ተነጋገርን። እንመለስ አልኳት።

«እንመለስና ማንን ልጠግን? ድንጋይ?»

«ስምሽን አስረክቢ እያሉሽ ነው እኮ።»

«ስም ምን ይሆናል? ጨርቅ አይደለም አያልቅ። አርባ ቀን ደብሪቱ ልባል፤ ሥራውን ከያዝኩ በኋላ የምሠራው በራሴ እጅ ነው። አንተ መጻፍ ትችላለህ፣ ጥንቁቅ ነህ። ስለ ሴትዮዋ ከጎረቤት ጠይቀህ ጻፍልኝ፤ እኔ አጠናለሁ።»

እሺ አልኩ። ይህን እሺታዬን በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ሥራዬን በሥርዓት ያዝኩት። ጎረቤቶችን፣ ያከመቻቸውን ግንበኞች፣ ውኃ የምትቀዳበትን ምንጭ ጠባቂ ጠየቅኩ። ሁለት ሰዎች ያልመሰከሩለትን ነገር አልጻፍኩም። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነጥቦች ሰበሰብኩ። ቁጥር ዘጠኝ፦ ሲያስነጥሳቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሦስተኛውን ይውጡታል። ቁጥር ሃምሳ አንድ፦ ልጃቸውን ጺምህን ተላጭ ይሉታል። ቁጥር ሰባ፦ በግራ እግራቸው ያነክሳሉ። ቁጥር መቶ ሁለት፦ ያሰሩትን ስብራት አርባ ቀን ሳይሞላው አይፈቱም። ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ አንድ ነገር አየሁ። የመሰከሩልኝ ግንበኞች አብዛኞቹ ክንዳቸው ጠማማ ነበር።

የሟች ቤት ጠባብና ንጹሕ ነው። አንድ በርጩማ፣ አንድ መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የቀርከሃ ፍልጥ። በሩ ደፍ የለውም፤ በዚያ ሰፈር የማንም ቤት ደፍ የለውም። ሟች እንዳትሰናከል ነው አሉኝ፤ ስትመለስ።

እኔ ጎረቤት አድሬ ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ። በሦስተኛው ቀን የሟች ልጅ ዳምጤ መጣ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጺሙ ደረቱ የደረሰ ድንጋይ ጠራቢ ነው። እሱም በሕጉ መሠረት መምጣት ነበረበት። በሩ ላይ ቆሞ ኀፍረት ያዘውና በእጁ አፉን ሸፍኖ እየሳቀ፣

«እንደምን አደርሽ እማዬ?» አላት፣ የሃያ ሰባት ዓመት እህቴን።

«ደህና ነኝ ልጄ። አንተ፣ ይሄን ጺምህን ተላጭ አላልኩህም?»

ዳምጤ ሳቁን አቆመ። ወደ እኔ ዞሮ «ማን ነገራት?» አለ በሹክሹክታ። ቁጥር ሃምሳ አንድን አሳየሁት። ሁለታችንም ተነፈስን።

በየቀኑ ይመጣ ጀመር። መጀመሪያ ለሕጉ፣ ኋላ ግን ለራሱ። የልጅነቱን ነገር ያወራታል፣ እሷ ትሰማለች፤ አንዳንዴ ከእሱ በፊት ትስቃለች። ማታ ወደ ማደሪያዬ ከመሄዴ በፊት ብቻችንን ስንሆን «እታለም» እላታለሁ፣ «ወዬ» ትለኛለች። ወደ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ «ወዬ»ዋ መዘግየት ጀመረ። ጥቂት ነው፤ ሁለት ትንፋሽ ያህል። ድካም ይሆናል ብዬ ነበር።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ወይም በአሥራ ዘጠነኛው፣ ከበርጩማው ተነስታ ወደ በሩ ስትሄድ በቀኝ እግሯ አነከሰች።

«እታለም፣ በግራ ነው» አልኳት። «ቁጥር ሰባ።»

«አይ፣ በቀኝ ነው» አለች። «ዳምጤን ስወልድ ነው የያዘኝ።»

ወደ ዳምጤ ሮጥኩ። ድንጋይ ሲጠርብ አገኘሁት። «እናትህ የሚያነክሱት በየትኛው እግራቸው ነበር?»

«በቀኝ ነዋ። እኔን ስትወልድ ነው የያዛት።»

«ለእህቴ ነግረሃታል?»

መሮውን አስቀመጠ። «እኔ ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለ።

የመሰከሩልኝ ሁለት ሰዎች ሟች ፊት ለፊታቸው ስትመጣ ስላዩዋት ቀኙን ግራ ብለው ነበር፤ እኔም ተሳስቼ ጻፍኩት። ስሕተቱ የእኔ ነው። ችግሩ እሷ አለመሳሳቷ ነበር። የዚያን ዕለት ማስታወሻዬን አቃጠልኩት። ምንም አልለወጠም፤ ከዚያ በኋላ ከማስታወሻው ምንም አልጠየቀችኝም።

ወደ አቶ ጓንጉል ሄጄ መዝገቡን እንዲሰርዙ ለመንኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«መሰረዝ የምትችለው እሷ ናት። መጥታ በራሷ ስም ትጠይቅ።»

«ስሟ እናንተ ዘንድ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ፈተናውን ወድቃ ትወስደዋለች። አይዞህ፣ ሕጉ ለዚህም ቦታ አለው። በአርባኛው ቀን የመጨረሻው ጥያቄ የአንተ ነው። የቅርብ ዘመዷ ከኋላዋ ቆሞ ሦስት ጊዜ በቀድሞ ስሟ ይጠራታል። ዞር ካለች፣ ወድቃለች፤ ይዘሃት ትሄዳለህ።»

ይህን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ጀምሮ የቀረችኝ ተስፋ አንድ ጥሪ ነበረች።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ካፊያ ነበር። እታለም በርጩማው ላይ ተቀምጣ ፍልጥ ታስተካክላለች። በድንገት በራሷ ድምፅ፣ ሳይዘገይ፣

«አዱኛ» አለችኝ።

«እታለም!»

«ነገ ይጠሩሃል። ሕጉን ነግረውኛል።» እጇን አላቆመችም። «ቀስ ብለህ ጥራኝ።»

«ለምን?»

«እንዳልዞር።»

«ቤት እንሂድ እታለም። እማዬ ለአዝመራ ይዘሃት ና ብላኛለች።»

«ስንት ዓመት እንዳገለገልኩ ታውቃለህ? አሥራ ሦስት። አንድም ቀን አልተቆጠረልኝም። ነገ ግን ይቆጠርልኛል። ሥራውን ልያዝ፤ ለአዝመራ ፈቃድ ጠይቄ አብረን እንሄዳለን። እባክህ።»

እህቴ በሕይወቴ እባክህ ብላኝ አታውቅም። እሺ አልኩ። ትንሽ ቆይታ ወደ በሩ አየች፣ «ዳምጤ ዝናብ መታው ይሆን?» አለች።

በማግስቱ ግቢው በሰው ሞላ። ሊቀ ልምድ መጡ ሲባል ሁሉም ተነሳ። ሽማግሌ ጠብቄ ነበር። የመጣው ጉንጩ ለስላሳ የሆነ፣ ቢበዛ ሃያ ዓመት የሚሆነው ወጣት ነው። በከዘራ ተደግፎ ይራመዳል፤ ሲያስብ በእጁ የሌለ ጺም ከአገጩ እስከ ደረቱ ይዳብሳል። ድምፁ የተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ ነበር። የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔም አንቱ አልኳቸው።

መጀመሪያ የዚያን ዕለት ጠዋት ከግንቡ የወደቀ ግንበኛ አመጡ፤ ክንዱ ተሰብሯል። እታለም እጇን ስታሳርፍበት ያቺው የማውቃት እጅ መሰለችኝ። አጥንቱን ስትገጥም ልክ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ማሰር ስትጀምር ግን አጠበቀች፤ ደግማ አጠበቀች። ሰውየው ጮኸ።

«ቻል፣ ወንድ አይደለህ!» አለችው።

«በስንተኛው ቀን ይፈታል?» አሉ ሊቀ ልምድ።

«አርባ ቀን ማንም እንዳይነካው።»

የግንበኛው ጣቶች ሲጠቁሩ አየሁ። ከሕዝቡ መካከል ክንዳቸው የጠመመ ሰዎች በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ራሳቸው ናቸው» አሉ ሊቀ ልምድ።

ቀጥሎ እኔን ጠሩ። እህቴን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙረው አቆሟት። እኔን ከኋላዋ አሥር እርምጃ ያህል አቆሙኝ።

«በቀድሞ ስሟ ጥራ።»

«እኔ የምጠራት...»

«በመዝገብ ባለው ስም» አሉ አቶ ጓንጉል ከጎን። «አንጓች በል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገር። በእኛ ሀገር ታናሽ ታላቁን በስሙ አይጠራም፤ ነውር ነው። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አንጓች ብዬ አላውቅም። ይህ ስም ከእኔ አፍ ቢወጣ ለእሷ የማታውቀው ሰው ድምፅ ነው። በመዝገብ የጻፉት ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር፤ ታላቅና ታናሽ በእነሱ ዘንድ በዓመተ አገልግሎት ነው የሚለካው። እኔ ግን አውቅ ነበር። እታለም ብዬ ብጠራት እንደምትዞርም አውቅ ነበር። ያን ቃል መናገር ደግሞ ክልክል መሆኑን ማንም አልነገረኝም።

አንጓች አልኩ።

አንጓች አልኩ፣ ከፍ አድርጌ። ትከሻዋ እንኳ አልተነቃነቀም።

ከሦስተኛው በፊት ቆም አልኩ። «እንዳልዞር» ያለችኝን አሰብኩ፤ አሥራ ሦስቱን ዓመት አሰብኩ። ሥራዋን አልቀማትም፣ ሌላውን ቃል ለራሴ ላስቀምጠው አልኩ። ማንም በመዝገብ ያልያዘው፣ ማንም የማይወስደው ነው፤ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ በማግስቱም ቢሆን፣ ብጠራት ትመለሳለች። ያን ጊዜ ይህ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

አንጓች አልኩ ለሦስተኛ ጊዜ። አልዞረችም።

ሕዝቡ እልል አለ። ዳምጤ አለቀሰ። አቶ ጓንጉል የእኔን እጅ ጨብጠው፣ «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ከዘንድሮ ሥራ ፈላጊዎች የመጀመሪያዋ ናት» አሉኝ።

ሰው ሲበተን ወደ ምንጩ ስትሄድ ተከተልኳት፤ በቀኝ እግሯ እያነከሰች ነበር። ማንም ያልነበረበት ቦታ ስትደርስ፣

«እታለም» አልኳት።

ቆመች።  ሁለት ትንፋሽ ያህል ጠበቅኩ። ዞረች፤ ፊቷ የእህቴ ፊት ነበር፣ ደግ፣ ትንሽ የደከመ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ እንደ ወጌሻ፣ የት እንደሚያመኝ ለማወቅ።

«ምነው ልጄ፣ የተሰበረ አለህ እንዴ?»

«የለኝም።»

«ካለህ ጠዋት ጠዋት ይዘኸው ና።»

ለአዝመራ ብቻዬን ተመለስኩ። እናቴ ከእኔ ኋላ ያለውን መንገድ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ሥራ አገኘች» አልኳት።

«ተመስገን። መቼ ትመጣለች?»

የመለስኩላትን አላስታውስም። መልስ ሳልሰጥ አልቀረሁም ማለት እፈልጋለሁ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከአራት ዓመት በኋላ ሌላ አዋጅ ነጋሪ መጣ። የልምድ ቤት መዝገብ በዓመት አንድ ቀን ለማንም ይከፈታል አለ፤ ሰው ከቀደሙት ይማር ዘንድ። ሄድኩ። በዚያ ዕለት በአዳራሹ ውስጥ ከእኔና ከመዝገብ ጠባቂው በቀር ሰው አልነበረም። በወይዘሮ ደብሪቱ ስም የተጻፈውን አወጣልኝና ከኋላ ወደ ፊት አነበብኩት። ከእህቴ በፊት በዚሁ ስም የተጠሩ ስድስት ሴቶች ነበሩ። የእያንዳንዳቸው ዓመታት በቀደመችው ላይ ተደምረው ስለሚሄዱ ቁጥሩ ወደ ላይ ባነበብኩ ቁጥር እያነሰ መጣ፤ አቶ ጓንጉል ለእኛ የነገሩን ሠላሳ አንድ ዓመት የመጨረሻዋ ብቻዋን የሠራችው ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ጠርዝ ብል በልቶታል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል። የተሳሳትኩ መስሎኝ መዝገብ ጠባቂው እንዲያነብልኝ ጠየቅኩት፤ ሁለተኛውን ግልባጭም አስወጥቼ አመሳከርኩ። አንድ ናቸው። እንዲህ ይላል፦

ደብሪቱ። ዕድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ። የመጣችው፣ ከገጠር። ሥራ፣ ወጌሻ፤ ዛሬ ጀመረች። ከዚህ በፊት የሠራችው፣ የለም።